የቤት ልብስ እጥበትና አልዘጋ ያለ ቁም ሳጥን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተሰናዱት ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸውን፣ በሳፋ ወይም በትንሽ ማሽን የሚያጥቡ የአዲስ አበባ ቤቶችን በማሰብ ነው። ውሃ በማይቋረጥበት ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ጀሪካን የተጻፈውን ቢዘለው ምንም አይቀርበትም።

ልብስ በየሳምንቱ እናጥባለን፤ ቁም ሳጥኑ ግን አልዘጋ አለ። ችግሩ የት ነው?

ከትልቁ እጥበት በኋላ፣ ሁሉም ልብስ ደርቆና ታጥፎ ሲያልቅ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ወደ ቦታው ለመመለስ ይሞክሩ። አልገባም ካለ፣ ቁም ሳጥኑ እስከ ዛሬ ሲዘጋ የኖረው ግማሹ ልብስ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወይም ገመድ ላይ ስለሚውል ነው። በብዙ ቤት የሚታየው ይኸው ነው። ውሃ ይጠፋል ተብሎ ትርፍ ይገዛል። ትርፍ ስላለ እጥበቱ ለነገ ይባላል። ክምሩ ከአንድ ቀን ሥራ በላይ ይሆንና ከሥር የቀረው ይረሳል፣ በምትኩ ሌላ ይገዛል።

ስለዚህ ልብስ መለየት ከመጀመርዎ በፊት በስንት ቀን አንዴ እንደሚያጥቡ ይወስኑ። ስንት ልብስ እንደሚያስፈልግዎ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል?

በሁለት እጥበት መካከል ያሉትን ቀናት፣ ልብስ ለመድረቅ የሚፈጅበትን ቀንና 2 ቀን መጠባበቂያ ይደምሩ። በሳምንት አንዴ የሚያጥብ ቤት በበጋ 7 ሲደመር 1 ሲደመር 2፣ ማለትም 10 ይሆንበታል። በክረምት ልብስ እስከ 3 ቀን ገመድ ላይ ስለሚቆይ 12 ይደርሳል። በየቀኑ የሚቀየር ነገር (የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ) ለአንድ ሰው 12 ካለ ክረምቱን ያለ ጭንቀት ያሳልፋል። ሦስት ቀን የሚለበስ ሱሪ ከሆነ 12ን ለ3 ማካፈል ነው፤ 4 ሱሪ። ጅንስ ቆሻሻ ካልነካው ከዚያም በላይ ይለበሳል።

አንሶላ ለአንድ አልጋ 2 ሙሉ ይበቃል፤ ሌሊት የሚያሸና ልጅ የሚተኛበት አልጋ ግን 3 ይፈልጋል። ፎጣ ለሰው 2። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሸሚዝ 3፣ ሱሪ ወይም ጉርድ 2። ሹራቡ አንድ ብቻ ከሆነ ዓርብ ከሰዓት መታጠብ አለበት፤ እሑድ የታጠበ የሱፍ ሹራብ በሐምሌና በነሐሴ ሰኞ ጠዋት አይደርቅም።

ከዚህ ቁጥር በላይ ያለው ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ግን ምቹውን መደርደሪያ መያዝ የለበትም።

ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በስንት ጀሪካን ማጠብ ይቻላል?

በእጅ ሲታጠብ ለ1 ኪሎ ደረቅ ልብስ በየዙሩ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይያዝ። አንድ ካናቴራ ከ150 እስከ 200 ግራም፣ ጅንስ ከ600 እስከ 700 ግራም፣ ትልቅ ፎጣ ወደ 500 ግራም ስለሚመዝን 4 ኪሎ የሚሆነው ሳፋ ሙሉ ልብስ ነው። ለዚህ በአንድ ዙር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሄዳል፤ በጠቅላላው 3 ጀሪካን፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ ሁለቱ ለማለቅለቂያ። ሦስት ክምር (ነጭ፣ ቀለም ያለው፣ ጥቁርና ጅንስ) ካለዎት ሁሉንም በንጹሕ ውሃ ማጠብ 9 ጀሪካን ይጨርሳል።

ውሃውን ካዟዟሩት በ5 ያልቃል። ነጩን በ3 ጀሪካን ይጨርሱ፤ ነገር ግን የሁለቱን ማለቅለቂያ ውሃ አይድፉ። የነጩ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ለባለቀለሙ የማጠቢያ ውሃ ይሆናል። ሳሙና ስላለበት የሚጨመርበት ኦሞ ግማሽ ብቻ ነው። የነጩ ሁለተኛ ማለቅለቂያ ለባለቀለሙ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፤ የመጨረሻው ብቻ አዲስ ጀሪካን ነው። ከባለቀለሙ ወደ ጅንሱም እንዲሁ። ልብሱ ጠጥቶት የሚሄደውን ለመሙላት አንድ ተጨማሪ ጀሪካን በአጠገብዎ ይኑር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የነጩን ማለቅለቂያ ትቶ የነጩን ማጠቢያ ውሃ ለጅንሱ ያስተላልፋል። ያ ውሃ እድፍ ተሸክሟል፣ ሳሙናውም ደክሟል፤ ስለዚህ እድፉ ተመልሶ ልብሱ ላይ ይቀመጣል። የማጠቢያው ውሃ ቦታው ሽንት ቤትና የበረንዳ ወለል ነው። የሕፃን ልብስና የሕመምተኛ አንሶላ ደግሞ በዚህ ዙር ውስጥ አይገቡም፤ ለብቻቸው በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።

በየዙሩ መካከል ልብሱን በደንብ መጭመቅ ሌላ አንድ ዙር ማለቅለቅን ያስቀራል። ሳሙናውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሳፋ የሚሻገረው ያልተጨመቀው ውሃ ነው።

ኦሞ ምን ያህል? ዘፍዝፎ ማሳደርስ?

ለ10 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም አካባቢ)፣ በጣም ለቆሸሸ 3። መጀመሪያ ዱቄቱ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይሟሟ፣ ከዚያ ልብሱ ይግባ። ልብሱ ላይ የተነሰነሰ ኦሞ ሳይሟሟ እጥፋቱ ውስጥ ይቀርና ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። አረፋ በበዛ ቁጥር ይነጣል የሚባለው ልማድ ነው። የበዛ ሳሙና ታጥቦ አይወጣም፤ ፎጣውን እንደ ካርቶን ያደርቀዋል፣ ነጩን ያጠቁረዋል፣ ከሁሉ በላይ ውሃዎን ይበላል።

ለመዘፍዘፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ያደረ ልብስ ጠዋት ይሸታል፣ ቀለሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በደረቅ ሳሙና ሲያጥቡ ውሃው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚንሳፈፍ ከሆነ ውሃው ጠጣር ነው ማለት ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ጠጣር ነው። ኦሞ እንደ ደረቅ ሳሙና ቅርፊት ስለማይሠራ በዚህ ውሃ ከእሱ ይሻላል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ለ10 ሊትር ግማሽ የቡና ሲኒ ነጭ አቼቶ መጨመር የቀረውን ሳሙና ያወጣል፣ ሽታውም ከልብሱ ጋር ሲደርቅ ይጠፋል።

በረኪና መቼ ነው የሚጎዳው?

ለነጭ ጥጥ ብቻ ያውሉት፤ ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሲኒ፣ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። በረኪናው ውሃው ውስጥ ከተበጠበጠ በኋላ ልብሱ ይገባል። በቀጥታ ልብስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ቦታው ላይ ክሩን ይበላውና ሁለት ሦስት እጥበት ቆይቶ ቀዳዳ ይወጣል። ሱፍ፣ ሐር፣ የሚለጠጥ ክር ያለበት ልብስና ጥለት ያለው ሁሉ በረኪና አይንካው። በብብት ላይ የወየበ ሸሚዝም እንዲሁ፤ ዲኦድራንትና ላብ የሠሩት ብጫ በበረኪና ይብስበታል። ለእሱ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለጥፎ ግማሽ ሰዓት መተውና ማሸት ይሻላል።

በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይገድላል።

የወጥ እድፍ፣ በተለይ የአልጫ፣ እንዴት ይለቃል?

አልጫ ነጭ ነጠላ ላይ ሲንጠባጠብ ብጫ ነው። ሳሙና ሲነካው ዓይንዎ እያየ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚደነግጠውና በረኪና የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። አትደንግጡ፦ እርድ አልካሊ ሲነካው ቀለሙን ይቀይራል፣ ሳሙና ደግሞ አልካሊ ነው። ሲለቀለቅ ወደ ብጫው ይመለሳል። ዘይቱን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አውጥቶ፣ እርጥቡን ልብስ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙሮ ማስጣት ነው። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፤ በጠራ የጥቅምት ፀሐይ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይደበዝዛል፣ ካልጠፋ አርጥቦ በማግስቱ መድገም ነው። የእርድ እድፍ ሳይለቅ ካውያ አይንካው።

የቀይ ወጥ እድፍ ዘይትና የበርበሬ ቀለም አንድ ላይ ነው። አይሹት፣ ይሰፋል። ትርፉን በማንኪያ ጀርባ አንስተው ዱቄት ይነስንሱበት፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ ዘይቱን ከጠጣ በኋላ ያራግፉት። ከዚያ የዕቃ ሳሙና ሳይቀጥን ይቀባና 15 ደቂቃ ቆይቶ በለብታ ይታጠባል። ውሃ ቀድሞ ከነካው ዘይቱ ክሩ ውስጥ ይገባል። የሚቀረው ብርቱካንማ ጥላ እሱም በፀሐይ ይሄዳል።

ደም፣ ወተትና እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ያበስላቸውና ከጨርቁ ጋር ያጣብቃቸዋል። ጭቃ ይድረቅና ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ። እስክሪብቶ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በጥጥ እየተነካ ይለቃል፤ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ይደረግ። ዝገት በሎሚና በጨው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ በረኪና ዝገትን ያጸናዋል።

ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የጧፍ ጠብታ እንዲጠጥር ጠብቆ በጥፍር ይላጣል። የቀረው በሁለት ንጹሕ ሶፍት መካከል ተደርጎ በመካከለኛ ሙቀት ይተኮሳል፤ ሶፍቱ ሰሙን እየጠጣ ሲሄድ ይቀየራል። ጋዜጣ አይጠቀሙ፣ ቀለሙ ነጠላው ላይ ይታተማል።

ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ ማሽን ውስጥ ይገባሉ?

ጋቢ ይገባል፣ ማሽኑ ከቻለ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከደረቁ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 6 ኪሎ የሚል ማሽን ውስጥ አንድ ጋቢ ብቻውን ይግባ። ትንሽ ነገር ከጨመሩበት ጋቢው ጠቅልሎ ይይዘውና ማሽኑ ሲጨምቅ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

ጥለት ያለው ሁሉ ከመታጠቡ በፊት ይፈተን። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጀርባው በኩል ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ሳይዘፈዘፍ ነው የሚታጠበው። ቀለም ባይለቅም ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፎ በስሱ መጥለፍ ይጠቅማል፤ ክሩ በአዝራርና በዚፕ አይመዘዝም። ሙካሽ ያለበት ቀሚስ ማሽን አይንካው፣ ጠምዝዞ መጭመቅም አይሆንለትም። በትልቅ ፎጣ ጠቅልሎ መጫን ውሃውን ያወጣል።

ሲሰጣ አንድ ቀጭን ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ መሐሉ ይለጠጣል፤ በሁለት ገመድ ላይ ይዘርጋ። ሲተኮስ በጀርባው በኩል። ሲቀመጥ ደግሞ ታጥፎ እንጂ ተሰቅሎ አይሁን፤ በየጊዜው የእጥፋቱን መስመር መቀየር ክሩ አንድ ቦታ እንዳይሰበር ያደርጋል።

እንዶድ አሁንም ይሠራል?

ይሠራል፤ ለጋቢና ለነጠላ ከኦሞ የሚመርጡት ብዙ ናቸው፣ ምርጫቸውም ትክክል ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ነገር አረፋ ያወጣል፣ ጥጡንም አያሻክረውም። ደርቆ በደቃቁ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ አረፋ እስኪያወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል። ሳይጠለል ከገባ ብናኙ ጋቢው ድር ውስጥ ይቀራል። ሲወቅጡ አፍንጫና አፍ ይሸፈን፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ውሃው ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይደፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ስለማጥፋት ምርምራቸውን የጀመሩት። ቀንድ አውጣውን የገደለው ዓሣንም ይገድላል።

የትኛው ማሽን ይሻላል?

ውሃዎ በሮቶና በጀሪካን ከሆነ ባለ ሁለት ቋቱ። ከላይ በባልዲ ይሞላል፣ የማለቅለቂያውን ውሃ መልሶ መጠቀም ይቻላል፣ መብራት ቢጠፋም ክዳኑ ተቆልፎ ልብስዎን አይዝም። ጉድለቱ ከአጠገቡ መራቅ አለመቻሉ ነው። የመጭመቂያው ቋት ከማጠቢያው ያነሰ ስለሆነ አንድ እጥበት በሁለት ይጨመቃል፤ ልብሱ ዙሪያውን እኩል ካልተደለደለና ከላይ በመጫኛው ካልታፈነ ግድግዳ ይደበድባል።

ከፊት የሚከፈተው አውቶማቲክ ውሃ ይቆጥባል፣ በአንድ እጥበት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ሊትር ነው የሚፈጀው። ግን ግፊት ይፈልጋል። አብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ካላገኘ ውሃ አይገባውም ወይም ስህተት አሳይቶ ይቆማል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው፤ ሮቶው ከማሽኑ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.2 ባር ነው የሚሰጠው። ፎቅ ላይ ከሮቶው ሥር የሚኖሩ ሰዎች ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ባለሙያ የሚጠሩት በዚህ ነው። አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ችግሩን ይፈታዋል። ከፓምፑ በፊት ግን የውሃ መግቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥተው ይዩ፤ ከፈረቃ በኋላ የሚመጣ ውሃ በሚያመጣው ደለል ትደፈናለች።

ለአውቶማቲኩ አንድ ተጨማሪ ምክር አለ፦ ለእጅ እጥበት የተሠራ ኦሞ አውቶማቲክ ውስጥ አይግባ። አረፋው ይበዛና ማሽኑ ደጋግሞ ያለቀልቃል፣ ውሃዎን ይጨርሳል። በ60 ዲግሪ ሲያጥብ ማሞቂያው 2000 ዋት አካባቢ ስለሚስብ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብረው አያስነሱት፤ ብሬከሩ ይወርዳል። በዲቫይደር አይሰኩት።

በክረምት የደረቀ ልብስ ለምን ይሸታል?

ሽታው የሚመጣው ልብሱ እርጥብ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ከሚራቡት ባክቴሪያዎች ነው፤ ሽቶ የሚሸፍነው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ማፍጠን ነው። በደንብ ይጨመቅ፤ ወፍራሙ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ ይረገጥ። በልብስና በልብስ መካከል አንድ መዳፍ የሚያክል ክፍተት ይተው። ሱሪ ከወገቡ ተከፍቶ፣ ኪሱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰጣ። ቤት ውስጥ ከሆነ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ጥቂት መክፈት ወይም ፋን ማዞር ከከሰል ምድጃ ይሻላል፤ በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ጭሱ ልብሱ ላይ ይቀራል፣ ቤተሰቡንም ያፍናል። በቁም ነገር የሚታሰብ ነው።

ገና እርጥበት ያለውን ሸሚዝ መተኮስ ቀኑን ያሳጥራል። ካውያ ላይ አንድ ነጥብ 110፣ ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ናይለንና ፖሊስተር በአንድ፣ ሱፍ በሁለት፣ ጥጥ በሦስት። ከካውያው ወደ ቁም ሳጥን በቀጥታ አይሂድ፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ይሰቀል።

ሽታው አንዴ የገባበትን ፎጣ ውሃ አፍልቶ መቀቀል ያድነዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ይበቃል።

ቁም ሳጥኑን ከየት ልጀምር?

ጳጉሜን ወይም ከመስቀል በኋላ ያለ ጠራራ ቅዳሜ ይምረጡ፤ ልብሱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታ፣ ቁም ሳጥኑም ባዶውን ሲናፈስ ሁለት ሥራ በአንድ ይሆናል። በአንድ ቀን ሁሉንም አይጀምሩ። አንድ ሰው፣ አንድ በር። ያን በር ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው አልጋው ላይ ይከምሩት፤ አልጋው ላይ መሆኑ ማታ ሳይተኙ በፊት እንዲጨርሱ ያስገድዳል።

ከዚያ እያንዳንዱን አንስቶ ለአንዱ ክምር ማደል ነው። የሚቆይ፣ ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ ለወለል መወልወያ የሚቀደድ። «እስቲ ላስብበት» የሚል አምስተኛ ክምር ከተፈጠረ ምሽት ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄደው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልሄደ የሚሰጠው ውስጥ ይግባ፤ ዚፕ ለማስቀየር ዓመት የጠበቀ ሱሪ መልሶ አይለበስም።

ሲመልሱ ቦታውን ይለኩ። 90 ሳንቲሜትር ዘንግ ሸሚዝ በቀጭን መስቀያ ከሆነ 30 አካባቢ ይይዛል፣ ካፖርት ከሆነ 12 አካባቢ። እጅዎ በልብሶቹ መካከል ካልገባ አየር አይገባም። ሹራብ አይሰቀል፣ ትከሻው ይወጣል። የቺፕውድ መደርደሪያ መሐሉ ከጎበጠ ጂንስና ብርድ ልብስ ከበዛበት ነውና ከባዱን ወደ ታችኛው ወለል ያውርዱ።

ሳይወስኑ ለቀሩት፣ ሁሉንም መስቀያ አፉን ወደ እርስዎ አዙረው ይስቀሉ። ለብሰው ሲመልሱት አፉን ወደ ግድግዳው ያዙሩት። በጋውም ክረምቱም አልፎ፣ ከዓመት በኋላ ያልዞረው የትኛው እንደሆነ ሙግት አያስነሳም።

ለማውጣት ልቤ አልቆርጥ ያለኝ ልብስ ምን ይደረግ?

በዓይነቱ ይለያያል። የለቅሶ ልብስ ያለ ጥርጥር ይቆይ፤ ሳይታሰብ ነው የሚያስፈልገው፣ ስለዚህ ጥቁሩ ቀሚስ ወይም ኮትና አንድ ነጠላ ተተኩሶ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። የሚዜ ቀሚስ ከሆነና ድጋሚ ካልተለበሰ፣ ፎቶው አለና ቀሚሱ ለሌላ ሙሽራ ሚዜ ይጥቀም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ሦስት ጥምቀት ያለፈው የሐበሻ ቀሚስ ሊበጣጠስ አይገባውም፣ ጥለቱ ተፈትቶ የትራስ ልብስ ወይም የልጅ ቀሚስ ይወጣዋል።

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ የላከው ልክ ያልሆነ ልብስ ከሁሉ ይከብዳል። ላኪው ሲመጣ ይጠይቀኝ ይሆናል ተብሎ ከነመለያው ዓመታት ይቀመጣል። ከመምጣቱ በፊት ልክዎን በሳንቲሜትር ለክቶ መላክ የሚቀጥለውን ሻንጣ ያድናል፤ ያለው ግን ለሚሆነው ሰው ይሰጥ። «ስቀጥን» የተባለለት ደግሞ አንድ ብቻ ይቆይ፣ የሚወዱት።

የሟች ልብስ ላይ አርባው ሳይወጣ አይወስኑ፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ አንድ አንድ ከመረጠ በኋላ የቀረው ይሰጣል።

ናፍታሊን ማድረግ ችግር አለው?

አለው፣ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት። ናፍታሊን ካለበት ሻንጣ የወጣ ብርድ ልብስና ልብስ ሳይታጠብ የለበሰ አራስ፣ በውርስ የሚመጣ የኢንዛይም እጥረት ካለበት፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱበት ይችላሉ። ትንንሽ ልጆችም ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል።

ደግሞስ ለምን? ብል የሚበላው የእንስሳ ክር ነው፤ ሱፍ፣ ሐር፣ በርኖስ። ንጹሕ ጥጥ አይበላም፤ ጋቢዎ ውስጥ ቀዳዳ ካዩ አይጥና በረሮን ይጠርጥሩ። የሚበላው የእሳት ራት የሚመስለው በራሪው ሳይሆን እጩ ነው። እጩ ላብና ምግብ የነካውን ስለሚመርጥ የሱፍ ልብስ ታጥቦ ብቻ ይቀመጥ። የተጠቃ ሹራብ በፌስታል ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር 2 ሳምንት ቢቆይ እጩም እንቁላሉም ይሞታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይራገፍ፣ የቁም ሳጥኑ ማእዘንና ስንጥቅ ይጠረግ። አሪቲና ጠጅ ሳር ጥሩ ጠረን ይሰጣሉ፤ እጩን ግን አይገድሉም።

የቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻግቷል።

ከግድግዳው 5 ሳንቲሜትር ያርቁት። የውጭ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ወደ ውስጠኛው ያዙሩት። ሻጋታውን በአቼቶ ጠርገው ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍተው ያድርቁት። ልብሱ መመለስ ያለበት ከማግስቱ ነው።

የወጣውን ልብስ ለማን ልስጥ?

ሊለበስ የሚችለው ታጥቦ፣ አዝራሩ ተሟልቶ ይሰጥ። እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከላት ልብስ ይቀበላሉ፤ ከመጫንዎ በፊት ደውለው የሚያስፈልጋቸውን ይጠይቁ፤ ብርድ ልብስና ሹራብ ከሚዜ ቀሚስ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ለገጠር ዘመድ የሚላክ ከሆነ ጠንካራውን ይምረጡ፤ ስስ ሸሚዝ እርሻ ላይ ወር አይቆይም።

ለሰው የማይሆነው ለልዋጭ ይሄዳል። ልዋጩ በር ላይ ሲጣራ እየሮጡ ያገኙትን ከመስጠት ማዳበሪያ ሞልቶ መጠበቅ ይሻላል፤ ክምሩ ሲበዛ ለአንድ ብርጭቆ የሚሰጠው ለሳፋ ይደርሳል። ጥጥ የሆነውን ካናቴራና ፎጣ ግን አስቀርተው ለመወልወያ ይቅደዱት፤ ፖሊስተር ውሃ አይመጥም።

ማዳበሪያው ከመታሰሩ በፊት ኪስ ሁሉ ይፈተሽ። በተለይ የኮት የውስጥ ኪስ፤ የጆሮ ጌጥ፣ የባንክ ደብተርና መታወቂያ የሚገኘው እዚያ ነው።